የጀፎረው ዋስ

ቡታጅራ ውስጥ ሳይክሉ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ማዕዶትን ያውቃታል። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከአባቷ የቀረላት ጋራዥ አላት፤ ጋራዥ ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላና አንድ የመፍቻ ሳጥን ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እጇ ከግሪስ አይለይም። እሑድ ሲሆን በሯን ትዘጋና የራሷን ሳይክል ይዛ ወደ ተራራው ሽቅብ ትጠፋለች። "ይቺ ልጅ ያገባችው ዳገት ነው" እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል። እሷም አትተዋቸውም፤ "ዳገቱ ምሳ ሥሪልኝ አይለኝም" ትላቸዋለች።

አስፋልት አትወድም። አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ጥሩምባውን ጆሮዋ ላይ ሲለቀው፣ ባጃጅ ሳያይ ፊቷ ሲታጠፍ፣ ከአንዴም ሁለቴ ቦይ ውስጥ ገብታለች። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ከቡታጅራ ተነስቶ፣ የጉራጌን ተራራ ተሻግሮ፣ ወልቂጤ አጠገብ ወዳለችው ጉብሬ ድረስ የሚወርድ፣ አንድም መኪና የማይታይበት የጠጠር መንገድ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መንገድ የለም አላት። እሷ ግን ቁርጥራጩን እየለቀመች ገጠመችው። እዚህ በገብስ ማሳ ዳር የሚሄድ ፒስታ፣ እዚያ ተጀምሮ የቀረ የገጠር መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ በባሕር ዛፍ መሀል ቁልቁል የሚወርድ ኮረኮንች።

ብቻዋን አልነበረችም። ይድነቃቸው የሚባል የወልቂጤ ልጅ ከወዲያ በኩል ያፈላልግ ነበር። ፎቶ ቤት አለው፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ሰው ያስቃል፣ ዳገት ላይ ግን ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። እሱ ከጉብሬ፣ እሷ ከቡታጅራ እየወጡ ተራራው ላይ ይገናኙና ያገኙትን መንገድ ይነጋገራሉ፣ የያዙትን ቆሎ ይካፈላሉ። አባቷ የሞቱ ጊዜ በዚያ ዝናብ ተራራውን በሳይክል አቋርጦ መጣ። ልብሱ እላዩ ላይ እንደረጠበ ለለቀስተኛው እጅ ሲያስታጥብ ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማዕዶት "ጓደኛዬ" አትለውም፤ "ወንድሜ" ነው የምትለው። ሰው እንግዲህ ወንድሜ ያለውን ካላመነ ማንን ይመን?

መንገዱ ሁሉ ተገጥሞ መሀሉ ላይ አንድ ቦታ ጎደለ። ከተራራው ወርዶ ወደ ጉብሬ ለመድረስ ወይ አስፋልት ላይ መውጣት ነው፣ ወይ ደግሞ በማዕዶት አባት አገር ጀፎረ ላይ ማለፍ ነው።

ጀፎረ የጉራጌ መንደር ደጅ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ መሀላቸው ሰፊ ሣር ይዘረጋል። መንገዱም እሱ ነው፣ መሰብሰቢያውም እሱ ነው፣ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። የሁሉም ስለሆነ ማንም አያርሰውም፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ሣሩ ያስጠጋ ሰው ይዳኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሞተረኛ እየበረረ መጥቶ አንዲት አሮጊት ገጨና እግራቸውን ሰበረ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ በጀፎረው እንዳያልፍ ቆረጡ፤ በታችኛው መግቢያ ላይም አንድ ትልቅ የዝግባ ግንድ አጋደሙበት። ሰው በጎኑ ያልፋል፣ ከብትም ያልፋል፣ ሳይክልም ገፋ አድርገው ያሳልፉታል። መኪና ግን አያልፍም። በላይኛው በኩል ያለው ደግሞ የእግር መንገድ ስለሆነ መኪና ከነጭራሹ አይደርስበትም።

ማዕዶት የአገሩ ልጅ ናትና አትለፊ የሚላት የለም። ብዙ እንግዳ አስከትሎ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዋስ ይፈልጋል። እዚያ አገር ዋስ ሲባል ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ሰውዬው ጀፎረው ላይ ይቆምና "እኔ አለሁ" ይላል፤ ይኸው ነው። እንግዳው ካጠፋ ያጠፋው ዋሱ ነው። ነገር ሲበላሽ "እኔ ምን አደረግሁ፣ እሱ ነው" ያለ ዋስ ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚሰማለት አያገኝም።

ሴት ዋስ ቆማ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ የተነሡላት የአባቷ ታናሽ ወንድም ጋሽ ሽፈራው ናቸው። እሳቸውም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፤ ቢሆንም ገና አዲስ ናቸው፣ መቀመጫው አልሞቃቸውም። "ወንድሜ ትቶ የሄደው ልጅ እሷን ነው" አሉ። "ወንድ ቢሆን ታስቆሙት አልነበር? እሷ ቆመች ማለት ወንድሜ ቆመ ማለት ነው።" የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ሰይዶ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው "ትቁም" አሉ።

ማዕዶት ቆመች። "እኔ አለሁ። የሚያልፈው ሳይክል ብቻ ነው፤ ሞተር ያለው ነገር ሣሩን አይረግጠውም" አለች። ደስታ ሞላት። አባቷ የሞቱ ሰሞን "ከእንግዲህ እዚያ አገር ማን ብዬ እገባለሁ" ብላ አልቅሳ ነበር። ይኸው አሁን አገሩ የኔ ሰው ናት ብሎ ቃሏን ተቀበላት።

ይድነቃቸው አጠገቧ ቆሞ ነበር። አባ ሰይዶ ወደ እሱ ዞሩና "ልጄ፣ አንተ ብታጠፋ የምንይዘው እሷን ነው። ገብቶሃል?" አሉት።

"በደንብ ገብቶኛል አባ" አለ።

ገብቶታል! በኋላ አንጀቷን የቆረጠው ይኼ ነው። ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ ይቅር ማለት ባልከበዳት።

ጉዞው ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ ተቀጠረ። ከአዲስ አበባ ሳይክል ነጂዎች ይመጣሉ፤ ማዕዶት ከቡታጅራ ይዛቸው ትነሣለች፤ ይድነቃቸው ጀፎረው ላይ ምሳ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ውሃውም ምግቡም ከጉብሬ በበቅሎ ይመጣል ተባባሉ፤ ባለበቅሎዎቹን ያነጋገረች ራሷ ናት። ለመስቀል ደግሞ አገሩ ሁሉ ይገባል። መርካቶ ያለው ነጋዴ፣ ጅማ ያለው፣ ናዝሬት ያለው፣ ማንም አይቀርም። ስለዚህ ጀፎረው ተጠርጎ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ሙሽራ እንደሚገባበት ቤት ተሰናድቶ ነበር።

የዕለቱ ዕለት ምን ያለ ቀን ነበር! ክረምቱ አልፎ ፀሐይዋ ከማለዳው ደምቃ ወጣች። አዲስ አበቤዎቹ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ምላሳቸው ወጣ፤ ማዕዶት "አይዟችሁ፣ ዳገቱ ይኼ ብቻ ነው" እያለች ሦስት ዳገት አስወጣቻቸው። ከላይ ሲደርሱ ሁሉም ሳይክላቸውን አቆሙ። ገብሱ እስከ ዓይን ማብቂያ አረንጓዴ ነው፤ ከታች በኩል በእንሰት የተከበቡ የሣር ቤቶች ይታያሉ። የጠጠሩ መንገድ ፀሐይ እያረፈበት በመሀላቸው ይወርዳል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ የራስ ቁሯን አውልቃ "ከጠዋት ጀምሮ አንድ መኪና አላየሁም እኮ! እውነት አገራችን ውስጥ ነን?" አለች። ማዕዶት ሳቀችና "ገና ምኑን አይታችሁ፣ ጀፎረውን ስታዩ ነው" አለቻት። በየመንደሩ ሰው ከደጁ እየወጣ "ግቡ፣ ውሃ ጠጡ" ይላቸዋል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኗን ለቅቃ ስትወርድ፣ አባቴ ቢኖሩ ይህን ባሳየኋቸው እያለች ነበር።

ጀፎረው ከመታየቱ በፊት ሙዚቃ ተሰማት። ድምፅ ማጉያ ነው። በበቅሎ የመጣ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ምን ያለ ነው አለች በልቧ። ከዚያ በላይኛው መግቢያ ብቅ ስትል ክው አለች።

ሁለት ፒካፕና አንድ ሚኒባስ ጀፎረው መሀል ቆመዋል። የሆነ ኩባንያ ስም ያለበት ድንኳን ሣሩ ላይ ተተክሏል። ላዩ ደርቆ ነው እንጂ መሬቱ ከሥር ገና የክረምት ጭቃ ነው፤ ጎማዎቹ ከታችኛው መግቢያ ጀምሮ እስከ ድንኳኑ ድረስ አርሰውታል። አንደኛው ፒካፕ ተይዞ ኖሮ፣ ለመውጣት ሲያሽከረክር ሣሩን ከነሥሩ ገንጥሎ ትልቅ ጉድጓድ ቆፍሯል። የመንደሩ ሰው በየደጁ ቆሞ ያያል። የሚጮህ የለም፣ የሚሳደብ የለም። ቢሳደቡ በወደደች።

"ማዕዶትዬ! እንኳን ደህና መጣሽ! ውሃ ስጧት እንጂ!" እያለ ይድነቃቸው እጁን ዘርግቶ መጣ።

"ምንድነው ይሄ?"

"በናትሽ እዚህ እንዳትቆጪ፣ እንግዶቹ ይሰማሉ። በበቅሎ ስንጎተት ሰው በውሃ ጥም ይለቅ? ስፖንሰሮቹስ ድንኳናቸውን በምን ያምጡት? ለዛሬ ብቻ ነው፤ በኋላ እናስተካክለዋለን።"

"ይድነቃቸው፣ እኔ እኮ ዋስ ቆሜልሃለሁ። እዚሁ፣ አንተ ፊት!"

"አውቃለሁ" አለ። ደግሞ ፈገግ አለ፣ እግዜር ይይለትና! "የአገራቸው ልጅ ነሽ፤ አንቺን ምን ያደርጉሻል? እኔ ብሆን ኖሮ ነበር የሚበሉኝ።"

አስቦበታል ማለት ነው። የእሷን ስም እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሥሩ ሊገባ አስቀድሞ አስቦበታል። ማዕዶት ደሟ ፈላ፤ እጇ ለጥፊ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

"ግንዱን ማን አነሣው?"

ይድነቃቸው ፊቱን አዞረ። "አጎትሽ ናቸው።"

"ውሸታም!"

"ጠይቂያቸው። በበሬ ያስጎተቱት እሳቸው ናቸው። ወደፊት እንግዶች እሳቸው ግቢ እንዲያድሩ ተነጋግረናል።"

ተነጋግረናል። እሷ በየእሑዱ መንገድ ስትፈልግ፣ እነሱ ደግሞ ከጀርባዋ ተነጋግረዋል።

አባ ሰይዶ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። የተቆፈረውን ጉድጓድ አዩ፣ ማዕዶትን አዩ። "ነገ ጠዋት እዚሁ" ብለው ተመለሱ። ይድነቃቸው ድንኳኑን እያስነቀለ "እንግዶቹን ወልቂጤ ላድርስና ነገ በጠዋት እመጣለሁ። አብሬሽ እቆማለሁ፣ ሙች!" አላት። በማግሥቱ ስልኩ ተዘግቶ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ቢከፈትም ባይከፈትም እሷ አልደወለችም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማዕዶት ጋሽ ሽፈራውን ፍለጋ ሄደች። ከጓሮ እንሰት መሀል ቆመው አገኘቻቸው። ገና ሳትጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ።

"እውነት ነው ልጄ። ሰይጣን አሳሳተኝ። ያ ልጅ እንግዳ ይመጣልዎታል፣ ቤትዎ ይሞቃል ሲለኝ ልቤ ተሰለበ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስቆሙኝ!"

"አውቃለሁ። አሁን አንቺ ምንም አትበዪ። ነገ እኔው ቆሜ፣ ግንዱን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ አታውቅም እላለሁ። ከመቀመጫዬ ቢያወርዱኝም ያውርዱኝ። የወንድሜን ልጅ አላስበላም።"

ማዕዶት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሳቸው ቀና አደረጓት። ሁለቱም ተላቀሱ። ያን ያህል ተከድታ የዋለችው ልጅ፣ ቢያንስ አንድ ሰው አለኝ ብላ እዚያው መንደር ባለው የአባቷ ቤት ተኛች። እንቅልፍም ወሰዳት።

በማግሥቱ አገሩ ጀፎረው ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ ጋሽ ሽፈራውም ከመካከላቸው ናቸው። አባ ሰይዶ ሕጉን ለሁሉም ተናገሩ።

"እንግዳው ዋሱ ሳታውቅ አጥፍቶ ከሆነ፣ ማዕዶት ከዘመዶቿ ጋር ጉድጓዱን ደፍና፣ ሣሩን መልሳ ትተክላለች። ከመስቀል በፊት ያልቃል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። አውቃ ያስገባች ከሆነ ግን ጀፎረውን ዋሽታለች። ጀፎረውን የዋሸ ሰው ሣሩን አይረግጥም። ለሠርግ አንጠራትም፣ ለለቅሶ አትመጣም፣ በአባቷም ቤት አትገባም። አውቆ ግንዱን ያነሣ ሽማግሌም ካለ፣ ከዚህ መቀመጫ ይነሣል።" ዙሪያውን ተመለከቱ። "ግንዱን ማን አነሣው?"

ጋሽ ሽፈራው ተነሡ። አይዞዎት ጋሼ፣ አለች ማዕዶት በልቧ።

"እኔ ነኝ" አሉ። ሰው ጉምጉም አለ። "እኔ ነኝ ያነሣሁት። እሷ ናት ያዘዘችኝ። ሽማግሌዎቹን አስፈቅጃለሁ፣ መኪና ይመጣል፣ ክፈትላቸው አለችኝ። የወንድሜ ልጅ ናት፣ ዋስ ናት ብዬ አመንኋት። ጥፋቴ ማመኔ ነው።"

ዓይናቸውን በጨው አጥበው! ትናንት እንሰቱ መሀል ያለቀሱት እኒያው ሰውዬ! ትናንት "ምንም አትበዪ" ያሏት ለምን እንደሆነ ለማዕዶት አሁን ገባት።

"ማዕዶት፣ እውነት ነው?" አሉ አባ ሰይዶ።

"አይደለም አባ። እኔ አላዘዝኩም። በአባቴ አፈር!"

"ታዲያ እኔ ነኝ የምዋሸው?" አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሁለት ቃል ሲጋጭና ምስክር ሲጠፋ እዚያ አገር የሚቀረው መሐላ ነው። ልጅ ያለው በልጁ ራስ ይምላል። የሐሰት መሐላ የሚያርፈው በሚምለው ሰው ላይ አይደለም፣ እጁ ባረፈበት ልጅ ላይ ነው ብለው ያምናሉ፤ የከተማ ሰው ይስቅ ይሆናል፣ እዚያ ሣር ላይ ግን የሚስቅ የለም። ለዚህ ነው ሰው እዚህ ከመድረሱ በፊት እውነቱን የሚያወጣው። አባ ሰይዶም ያን አስበው ይሆናል፣ "እንግዲያው ሽፈራው ይማል" አሉ።

የጋሽ ሽፈራው የመጨረሻ ልጅ ቤዛ ትባላለች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከእናቷ ቀሚስ ሥር አውጥተው አመጧት፤ ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ማዕዶትን ስታይ ፈገግ አለች። ማዕዶት አጎቷን አየቻቸው። አሁን ይተዉታል፣ አለች። አሁን ይመለሳሉ። ሰው የገዛ ልጁን! ጋሽ ሽፈራው ፊታቸው አመድ ሆኗል። መሐላውን እንደሚያምኑ ታውቃለች፤ ከማንም በላይ የሚፈሩት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም እጃቸው ወረደና በልጅቱ ሹሩባ ላይ አረፈ። አፋቸውን ከፈቱ።

"ይተዉ!" አለች ማዕዶት። "ጋሼ ይተዉ፣ አይማሉ። እኔ ነኝ።"

አባ ሰይዶ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። "ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የምትዪውን ታውቂያለሽ? ከዚህ በኋላ መመለሻ የለውም።"

"አውቃለሁ አባ። መኪናውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

ቤዛ ከአባቷ እጅ ሥር ወጥታ ወደ እናቷ ሮጠች። ማዕዶት ጋሽ ሽፈራውን ታይ ነበር። ልጃቸውን አድናላቸዋለች፤ ከዚህ በላይ ምን ታደርግላቸው? አሁን እንኳ አንድ ቃል ይወጣቸዋል ብላ ጠበቀች። አሁንም ጊዜ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"አላልኳችሁም?" አሉ።